ወገብዎን አልረግጥም

ለውድ እናቴ፣ ለሀርሜ፣

አካም ጅርቱ? ከትላንት ወዲህ እንዴት አደሩ? ልጅዎ ሞቲ ደህና ነው። መንታዎቹም ደህና ናቸው፣ የሰበታን ጭቃ እያቦኩ አያታችን መቼ ትመጣለች ይላሉ። እኔን ከጠየቁኝ ግን ደህና አይደለሁም፤ ተናድጃለሁ።

ትላንት ሱሉልታ ድረስ አስጠርተውኝ፣ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ሰሌን ላይ በደረትዎ ተኝተው ርገጪኝ አሉኝ። መንታ የወለደች ሴት የታመመ ወገብ ስትረግጥ ይሽራል ይባላል፤ እኔም ከወለድኩ ወዲህ የስንቱን ወገብ ረግጫለሁ። ትላንት ግን ጫማዬን አውልቄ አጠገብዎ ከደረስኩ በኋላ መልሼ ተጫማሁ። ጎረቤትዎ እትዬ ጠጅቱ አማቷን ተጠየፈች ብለው አወሩ። ልጅዎ ላሊሴም እስከ በር ተከትላ ሰደበችኝ። ይስደቡኝ። ዛሬም አልረግጥም፣ ነገም አልረግጥም።

ንቀት መስሎዎት ከሆነ ይስሙኝ። የወገብ ሕመም ለእኔም እንግዳ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ እውላለሁ፣ ስነሳ ቀና ማለት ያቅተኛል። ክሊኒክ ሄጄ ሐኪሟ አቀማመጤን ጠየቀችኝ፣ ዕቃ ስታነሺ ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ ከወገብሽ አትታጠፊ አለችኝ። የአንቺ ይሻልሻል፣ ብቻ አትተኚበት፣ ተንቀሳቀሺ አለች። እውነትም ተሻለኝ። ልወጣ ስል ግን አንድ ነገር ጨመረችልኝ። ወገቡን የሚያመው ሰው እግሩ እየከዳው ከመጣ፣ ኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻው የሚነካን ቦታ ከደነዘዘው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ፣ ማንም እንዳያሸው፣ ማንም እንዳይረግጠው አለችኝ። ሦስተኛ ምልክትም ነግራኛለች። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ እርስዎ ያውቁታል።

እርስዎ ሁሉንም ብርድ ነው ይላሉ። የሱሉልታን ብርድ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ከድርቆሽ ክምር ላይ የጣለዎት ብርድ ነው? ያን ሁሉ ዘመን ድርቆሽ በጀርባዎ ያመላለሱትስ ከብርድ ጋር ነው? ትላንት ሰዉ ሳይሰበሰብ፣ በር ላይ ሊቀበሉኝ ሲመጡ የግራ ጫማዎ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ነበር። እግርዎ ባዶውን መሆኑን አላወቁም። አንስቼ ሳደርግልዎ እንኳ እጄ እንደነካዎት አላወቁም። ልቤ ድንግጥ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ እጄን ልታጠብ ጓሮ ስዞር ፍራሽዎ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ጄሪካን ተደፋበት አሉኝ። ሀርሜ፣ ሰፈራችሁ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ጄሪካኖቹም ሁሉም ደርቀው ነበር። ሻይ ሲቀርብልዎም አልጠማኝም ብለው መለሱ፤ እርስዎ፣ ሻይ የማይጠግቡት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሞቲ እናቴን ለምን አዋረድሻት ብሎ ጮኸብኝ። ከክምር ወድቀዋል፣ ሐኪም ሳያያቸው አልነካቸውም አልኩት እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም። አይወጣኝምም። ሰፈሩ ጥጋበኛ ምራት ይበለኝ፣ እችለዋለሁ። በስልክ ያልነገርኩዎት ሁሌ ላውድ ላይ አድርገው ስለሚያወሩ ነው። ዳዊት የሚደግም ዓይን ደግሞ የእኔ ጽሕፈት አያቅተውም።

ደብዳቤውን የሚሰጥዎ ሞቲ ነው። አሽጌዋለሁ፣ አላነበበውም። መኪና ተከራይተን መጥተናል፤ እኔ ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ሆኜ እየጠበቅሁዎት ነው። ነገ እሄዳለሁ እንዳይሉኝ፣ ይህ ለነገ የሚባል ሕመም አይደለም። ሆስፒታል ምን እንደሚሉን አላውቅም፣ ፈርቻለሁም። ብቻ ሳይታዩ ወደ ቤት መመለስ የለም። ካልወጡ እገባለሁ፣ እትዬ ጠጅቱ እያዩ እግርዎ ላይ ወድቄ አልነሳም።

እመብርሃን ከፊታችን ትቅደም። መንታዎቹ ሲዳሩ በሁለት እግርዎ ቆመው ለመመረቅ ታብቃዎት።

አልረግጥም ያለችው ምራትዎ፣
የመንታዎቹ እናት

ልረሳው ነበር፦ ቅያሪ ቀሚስ ፍለጋ እንዳይጨነቁ፣ ሁለት የራሴን ይዣለሁ። እርስዎ የሚቀመጡበት ወንበር ላይም ላስቲክ አንጥፌ ጋቢ አልብሼዋለሁ። ሞቲ ሲጠይቀኝ ወንበሩ ቆሻሻ ነው አልኩት።