የቃል ፈተናው

ሩቅ ሆኖ ለማይረሳን ለወንድም ጋሼ ይድረስ፤

እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ አላስተኛ ያለን የእማዬ ጉልበትና የሚያፈሰው ጣሪያ ብቻ ነው። እማዬ ገበታ ላይ ዛሬም አንተን ታነሳለች። «ምላሱን ሲይዘው ማንም ቃሉን አይቀማውም ነበር፤ ተናግሮ እስኪጨርስ ስንጠብቀው ሾርባችን ይቀዘቅዝ ነበር» እያለች ትስቃለች።

ዩኒቨርሲቲ ማስተማር እንደ ድሮው አይደለም። ተማሪው ጽሑፉን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እያስጻፈ ያመጣል፤ ሰነፉም ጎበዙም በአንድ አፍ የሚናገር ይመስላል። ስለዚህ «የጻፋችሁትን ፊቴ ቆማችሁ አስረዱኝ» የሚል የቃል ፈተና ጀመርኩ። ባልደረቦቼ «አንቺማ መላ አገኘሽ» ሲሉኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ትናንት ጥግ ላይ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ተራው ደረሰ። ጽሑፉ እጅግ ያማረ ነበር። «ይሄን ሐሳብ ከየት አመጣኸው?» አልኩት። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ የመጀመሪያዋ ቃል አልወጣ አለችው። አንዱ ከኋላ ሳቀ። ገና ብዙ ተማሪ ይጠብቀኛል፤ ምን ላድርግ? «ያስጻፈው ነው» ብዬ ሰዓቴን አየሁና «በቃ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ዜሮ ሰጠሁት። ዛሬ ክፍል አልመጣም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ትምህርት የተውክ ቀን፣ ያ መምህር «ተቀመጥ» ባይልህ ኖሮ ምን ልትመልስለት ነበር?

አትቸኩል፣ ወንድም ጋሼ። እጠብቅሃለሁ።

የምትናፍቅህ እህትህ