ያልተነፋው በሶ

ይድረስ ለልጄ ለአዜብ፤

ባለሽበት አገር መድኃኔዓለም ከፊትሽ ይቅደም፣ እመብርሃን ከኋላሽ ትከተልሽ። እኔና አባትሽ ደኅና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ አባትሽ ጥጃዋን ሳያይ አይተኛም።

በስልክ ሥራው ደኅና እንደሆነ ነገርሽኝ። ከሥራ ስትመለሺ ከማን ጋር እንደምትጫወቺ ስጠይቅሽ ግን ወሬውን ወደ ብርዱ አዞርሽው። እናት ነኝ፤ ገባኝ።

እኔም ከወገዳ ተድሬ እዚህ አርብ ገበያ ስመጣ እናቴ ዕቃውን ሁሉ አሟልታ ነበር የሰደደችኝ። የሚጎድለኝ ስለሌለ የማንንም ደጅ ሳልረግጥ ከረምሁ፤ የእኔንም ደጅ የረገጠ የለም። አንድ ቀን የአባትሽ እናት ወንፊቴን ደበቁና «ሂጂ፣ ከጎረቤት ተዋሽ» አሉኝ። እያፈርሁ ሄጄ የየኔነሽን በር መታሁ። ይኸው ዛሬ ያንቺ የክርስትና እናት ናት።

አሁን የአዲሱን ገብስ በሶ ልኬልሻለሁ። ሳልነፋው የላክሁት አውቄ ነው፤ ወንፊት እንደሌለሽም አውቃለሁ። እንዳትቀየሚኝ። በስልክ ያነሣሽልኝን፣ ፊት ለፊትሽ የምትኖረዋን ሴትዮ በር አንኳኪና ወንፊት ተዋሻት። ስትመልሺላት ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ በሶውን በማር ለውሰሽ ይዘሽላት ሂጂ። አትፈሪ፣ እሷም አንቺን ስትጠብቅ ይሆናል።

ያንኳኳሽው በር ሁሉ ይከፈትልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ የሴትዮዋን ስም ላኪልኝ። ስጸልይ ስምሽን ለብቻው መጥራት አንጀቴን ይበላዋል።

እናትሽ ላቀች