ሱቁን ለእኔ ጥለው ወጡ

ጸሎትዬ፣ ግራ ከገባው ጓደኛሽ ሰላምታ ይድረስሽ። ነገ በጎ ፈቃደኞች ተሰብስበን ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሶፍትዌር እንሠራለን፤ ለላፕቶፖቹ የኤክስቴንሽን ገመድ ፍለጋ መርካቶ ገባሁ። ይህንኑ ስነግራቸው ባለሱቋ እትዬ ሸዋገነት “የሶፍትዌሩ ባለቤት ማነው?” ሲሉኝ “ሁሉም ሰው” አልኳቸው።

“ባለቤት የሌለው ነገርማ ይሰረቃል!” ብለው ሳቁብኝ። ወዲያው “ረጅሙ ገመድ ጎረቤት አለ፤ እስካመጣልህ ሱቁን እይልኝ” ብለው ውልቅ! ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። እኛ ከተማ ማርቆስ ቢሆን ሱቁ ተቆልፎ ደጅ ነበር የምጠብቀው። ገዢ መጥቶ “አምፖል አለ?” ሲለኝ “አለ” አልኩት፤ የት እንዳለ ግን እኔ ምን አውቄ! እንዴት ነው ነገሩ?

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እታለምን ሳሚልኝ፣ ጋሽ ጴጥሮስንም ሰላም በይልኝ። ይህን የምጽፍልሽ እትዬ ሸዋገነት ባንኮኒ ላይ ነው፤ እስካሁን አልመጡም።

ምንይሉ