የግራው ማጠፊያ

ውድ ወንድሜ፣

እዚያ ፈረንሳይ የሊዮን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ባለቤትህን ወገቧን ተሻላት ወይ? ልጆቹስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ክላይቭም ደህና ነው፤ ያንን ዘይት የጠጣ ቱታውን ለብሶ በየማለዳው አጥር ዘሎ ይመጣል። ሰባ ዓመት አልፎት ዛሬም በበር መግባት አልለመደም። ሰላም በይልኝ ብሏል። የአባባን ነገር ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

የላክኸው የወንበር ማጠፊያ ደርሶናል። ብረት ሳይሆን እንቁላል የላክህ ይመስል በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ ደራርበህ ጠቅልለኸዋል። እጅህ ይባረክ።

ለምን እንደፈለግነው በወጉ አልነገርኩህም፤ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ። አባባ ከፋሲካ ወዲህ አከርካሪው እሺ ስላላለው መቀመጥ አልቻለም ነበር። መተኛት ብቻ። የሚለምነን አንድ ነገር ነበር፤ በአሮጌዋ መኪናው በሞሪሷ ጀርባ ተጋድሞ፣ ሁለቱ የኋላ በሮቿ ወለል ብለው ተከፍተው፣ ክሮመር ላይ ባሕሩን ማየት። በአምቡላንስ እንውሰድህ ብንለው «አምቡላንስ ላይ ሰካራም ይጫን። እኔ መኪና አለኝ» አለን።

መኪናስ ነበረው። የሚታጠፍ የኋላ ወንበር ግን አልነበራትም። የድሮውን ዝገት ሲበላው፣ እናታችን ካረፈች በኋላ፣ ከሌላ አጭር ሞሪስ የማይታጠፈውን አውጥቶ እንደገጠመባት ታስታውሳለህ። «ከእንግዲህ ማን ሊተኛባት ነው?» ብሎ።

ክላይቭ መደገፊያውን ከነመቀርቀሪያው ከአሮጌ መኪና ወዳጆቹ ለቃቀመ። የቀኙን ማጠፊያ ከራሱ ቆርቆሮ ሣጥን አወጣ። የቀረን የግራው ብቻ ነበር። ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ እንጂ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ ጆሯቸው የሚታጠፈው በተቃራኒው ነው። ደግሞ ከእኛዋ በፊት የተሠሩት የብሎን ቀዳዳቸው ክብ ነው፣ የእኛዋ ሞላላ። ግራ ስንፈልግ ግራ ገባን። አንተ እዚያ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና የሚፈታታ ሰው አውቃለሁ ስትለኝ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ቃሉን የመከረኝ ክላይቭ ነው። «ግራ ቀኝ አትበዪው። ሰውየው ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ ሲያይ ይገለበጥበታል። የተሳፋሪው ወገን ካልሽው የሚሳሳት የለም» አለኝ። እኔም እንዳለው አልኩህ።

ማጠፊያው የደረሰ ዕለት ክላይቭ መኪናዋ ውስጥ ተንበርክኮ ሲታገል ቆየ። አገላበጠው፣ አነሳው፣ ተሳደበ። በኋላ ራሱን ብቅ አደረገና «ወንድምሽ ሁለት ቀኝ እግር ጫማ ነው የሰጠን» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እናንተ ዘንድ መሪው በግራ ነው፤ ተሳፋሪ የሚቀመጠው በቀኝ። እኛ እንግሊዝ ግን ተቃራኒው ነው።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ጋራዡ ውስጥ ስምህን እየጠራሁ የአፌን ሁሉ አልኩህ። ከእናታችን ጀርባ ተቀምጠህ ሻርፗን እየጎተትክ የምታስለቅሳት አንተ አልነበርክም? የት በኩል ትቀመጥ እንደነበር ዓይንህን ጨፍነህ አታያትም? ትንሽ ቆይቼ ግን አዘንኩልህ። ሰው ብዙ ዘመን በሌላ ወገን ሲነዳ ኖሮ የቤቱን መኪና ቢገለብጣት ምን ይፈረድበታል?

ክላይቭ እሺ አላለም። ብረቱን አጋለውና በመዶሻ ወደ ግራ ሊገለብጠው ሞከረ፤ ጆሮው ተሰነጠቀ። በየደው። መደገፊያውን ስናጥፈው ከዚያው ከብየዳው ላይ ተገነጠለ። አንድ የዌልስ ሰው ደግሞ የግራ አለኝ ብሎ ላከልን፤ ስንፈታው ቀዳዳው ክብ። በሞረድ እናስፋው ብለን ስንጀምር አባባን የምታስታምመው ነርስ መጥታ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። «የያዛችሁትን ተዉት። ግቡና አጠገቡ ሁኑ» አለችን።

ገብቼ «አባባ፣ ገጥሟል። ነገ እንሄዳለን» አልኩት።

«መቀርቀሪያው ሲገባ አልሰማሁም» አለኝ። መኝታ ቤቱና ጋራዡ በአንድ ግድግዳ እንደሚለያዩ ታውቃለህ። በሩ ላይ የቆመው ክላይቭ ይህን ሲሰማ ሮጦ ተመለሰና አንድ ብረት ጓ! አደረገ። አባባ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሲረጋጋ «ይሄማ መዶሻ ነው» አለ። «አንቺ እንደሁ መዋሸት አይሆንልሽም፣ የእናትሽ ልጅ። ለመሆኑ ልጁ የቱን ላከ?»

«ቀኙን» አልኩት።

 ጣሪያውን እያየ «ቀኝ ያውለው» አለ። ሲቀልድ ይሁን ሲመርቅህ እስካሁን አላወቅሁም፤ ሁለቱም ይመስለኛል። እጄን ሳብ አድርጎ ደግሞ «ለእሱ ግን ልክክ ብሏል በዪው። ማዶ ሆኖ የፈለገልኝ ይበቃኛል። አደራ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪያርፍ ድረስ ስለ ወንበሩ አላነሳም።

እኔ ግን አደራዬን በላሁ። ይኸው ያለውንም የሆነውንም ጻፍኩልህ። አንተን ልወቅስህ ብዬ አይደለም፤ ብቻዬን መሸከሙ ከበደኝ። ከአባባ ልጆች ይህን ልነግረው የምችለው ከአንተ በቀር ማን አለኝ?

ክላይቭ እስከ ዛሬ የግራውን ይፈልጋል። ትናንትም ለሆነ ሰው ሲደውል ሰማሁት። ተው በማለት ፈንታ ሻይ አፍልቼ ወሰድኩለት።

ሐሙስ ጠዋት እኔና እሱ በሞሪሷ ወደ ክሮመር እንወርዳለን። አባባ መቃብርም ድንጋይም እንደማይወድ አንተም ታውቃለህ፤ እንደ ቃሉ አስከሬኑ ተቃጥሏል፣ አመዱን ለባሕሩ እንሰጣለን። አየሩ ቢከፋም እንሄዳለን።

አንተ አሁን ለመምጣት አትቸኩል። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህ ይጡሩህ፣ ሲጠሩህም በቅርብ ያግኙህ። ባለቤትህን ሳምልኝ።

በመንገዱም አታስብ። ወንበሩን ማጠፍ አያስፈልገንም። አባባን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤው እሄዳለሁ።

እህትህ