የጃፓኑ አቡጀዲ

አሰላ፣ እሑድ ጥቅምት 13 ቀን 1953 ዓ.ም.

ባሌ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ በጣቱ አሽቶ የተሠራበትን አገር አውቃለሁ ይላል። የጃፓን አቡጀዲ ግን ሱቁ አያስገባም። «ትናንት በጦርነት የተሸነፈ አገር ምን ጨርቅ ያውቃል? ጨርቅ የእንግሊዝ ነው!» ባይ ነው። የኢተያ ገበያ በጃፓን ዕቃ ከተጥለቀለቀ፣ የእንግሊዙም ከጠፋ ስንት ጊዜው! ደንበኞቻችንም ወደ ሌላ ሰፊ እየሄዱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጨነቀኝና አንድ ጣቃ የጃፓን ገዛሁ። የተለጠፈበትን ወረቀት ልጬ «የእንግሊዝ ነው፤ በስንት ፍለጋ አገኘሁት» አልኩት። አሸት አሸት አደረገና ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ «ይኸው፣ አላልኩሽም?» ብሎ ለራሱ ሸሚዝ ሰፋ።

ዛሬ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ላገኘው ሁሉ እጅጌውን እየዘረጋ «እስቲ ንካው፣ እንግሊዝ እኮ ነው» ይላል። ሲያምርበት! ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ፤ ደግሞም አንጀቴን በላው።

ቤት ስንገባ ሸሚዙን ቀስ ብሎ እያጣጠፈ «ከዚያ ከጃፓኑ ተርፏል አይደል? ለአንቺም ቀሚስ ልስፋልሽ» አለኝ።

ክው አልኩ። ለካ ጣቱ አልተሳሳተም።

«ኢተያ ስትሄጂም ጨምረሽ አምጪ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «ለሰው ግን እንግሊዝ ነው።»