በሬዎቹና ቀለም የተቀባው ሚኒባስ

ሰኞ
ዛሬም ባሌ ደሳለኝ አልሰማኝም። ሚኒባሱን ገዝቶ ከብልባላ ላሊበላ ሰው ሊያመላልስ ቆርጧል። ቀብድ ከፍሏል። የቀረውን ለመሙላት ቅዳሜ ሁለቱን በሬዎቻችንን ገበያ ያወጣል። ከእነሱ ሌላ የምናርስበት የለንም።
የመኪናው ሊብሬ ይታይ አልኩት። «አባ ያገናኙንን ሰው ወረቀት አምጣ ልበለው? ምን ይሉኛል?» አለ። አባ የንስሐ አባታችን ናቸው።

ማክሰኞ
ሻጩ መኪናውን አመጣ። አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ሞተሩን ሊያሳይ ወንበሩን አነሣ፤ ከዚያ ከደሳለኝ ጋር ጠላ ሊጠጡ ገቡ። ሊብሬው መሪው አጠገብ ነበር። ፊደል የለየሁት ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ቁጥር ግን አይጠፋኝም። ከወንበሩ ሥር ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለውን ሦስት ጊዜ አስተያየሁ። አይገጥምም።
ሻጩ ሲሄድ «ወረቀቱ የሌላ መኪና ነው» ብዬ ለደሳለኝ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» ብሎ ሳቀ።

ረቡዕ
አባ ዘንድ ሄድኩ። ፊት ለፊት መናገር አፈርኩ፤ በንስሐ ነገርኳቸው። «ያመጡትን ሰው ጠረጠርኩ፣ አባ። ቁጥሩ አይገጥምም።»
«ልጄ፣ ምነው ይህን ደጅ ላይ ቆመሽ በነገርሽኝ» አሉ።
መንገድ ላይ ነው የገባኝ። በንስሐ የሰሙትን ለማንም አይናገሩም፤ ለደሳለኝም። አፋቸውን በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ሐሙስ
ሽምብራ ስለቅም ጠጠሩን ትቼ ሽምብራውን ስጥል ዋልኩ። ወልድያ መንገድ ትራንስፖርት ቢጠየቅ መኪናው የማን እንደሆነ ይታወቃል ይላሉ። ማን ይሂድ? በሬዎቹን ውኃ አጠጣሁ።

ዓርብ
ደሳለኝና ሻጩ ሊፈራረሙ ደጃችን መኪናው አጠገብ ተቀመጡ። ምስክሮችም መጡ። አባ እንዲመርቁ ተጠሩ።
«ወረቀቱ ሳይነበብ አልመርቅም» አሉ። «የእኔ ዐይን ደክሟል። ማን ያነባል?»
እኔን አላዩኝም። መሬት መሬት ነበር የሚያዩት። ማንም አልተነሣም።
«እኔ አነባለሁ» አልኩ። የሊብሬውን ቁጥር አነበብኩ፤ ወንበሩን አስነሥቼ የብረቱንም። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ አየ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
ሻጩ «ሊብሬው ተቀያይሮብኝ ነው፤ ነገ ትክክለኛውን ይዤ እመጣለሁ» አለና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ
ሻጩ አልመጣም። ደሳለኝ ሞባይሉን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ሁለቴ ወጣ። የሰውየው ስልክ ዝግ ነው። ቀብዱ ቀረ።
እኔን ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም። ነገ ያናግረኝ እንደሆነ እንጃ። ገበያው ተበትኗል። በሬዎቹ በረት ውስጥ ሲያመነዥኩ ይሰማኛል።