የቦቃ ሁለት ጡቶች

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን
ከምሳ በኋላ፣ ከበረቱ አጠገብ ካለችው ክፍል

ለምወድሽና ለምነዘንዝሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱ ቀለል አለልሽ? ያ ሳል ተወሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ ድመቷም ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ደህና እሷ ናት። ከመወፈሯ የተነሳ በመስኮቱ ፍርግርግ መሹለክ አቅቷት እንደ እንግዳ በበር መግባት ጀምራለች። ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስልሽ፤ ላማችን ቦቃ አትሸጥም። ለምን እንደማትሸጥ በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ስትደውዪ እናትሽ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። አባትሽ ብዕር አነሳ ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድም መስመር ሳታልፊ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

መቼም ይህን የማለቢያ ማሽን ከመጀመሪያውም እንዳላመንኩት ታውቂያለሽ። አንቺ መርጠሽ ያስመጣሽው ባይሆን ኖሮ ከበሩም አላሳልፈውም ነበር። እናንተ ሮቦት ትሉታላችሁ፣ እኔ አጅሬ እለዋለሁ። ላሟ ራሷ በፈለገችው ሰዓት ትገባለች፤ አጅሬ በአንገቷ ማሰሪያ ማንነቷን ያውቅና መኖ ያፈስላታል፤ ከሥር ክንዱን ዘርግቶ ጡቷን በብሩሽ ያጥባል፤ ከዚያ በቀይ ብርሃን እየፈለገ አራቱንም አንድ በአንድ ይይዛል። ሰላምታ የለ፣ ማባበል የለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እጄን ሳላሞቅ ላም ነክቼ አላውቅም። ታዲያ ለዚህ ቀዝቃዛ ብረት ላሞቹ እየተጋፉ የሚሰለፉለት ምን ቢያቀምሳቸው ነው? መኖው ውስጥ የሆነ ነገር አለ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ቀመስኩት። ምንም የለበትም። ደረቅ ነው፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ደግሞ ወሬኛነቱ! ማን ስንት ጊዜ ገባች፣ ስንት ሊትር ሰጠች፣ የትኛው ጡቷ አነሰ፣ ሁሉንም ለእኔ ስልክም ለአንቺ ስልክም እኩል ይልካል። በገዛ በረቴ የሆነውን ልጄ ባሕር ማዶ ተቀምጣ ቀድማኝ ታውቃለች። ከሁለት ወር በፊት ደውለሽ «አባዬ፣ የቦቃ ወተት ከሰዓት በኋላ ቀንሷል፤ የሚገርመው ደግሞ የጎደሉት የቀኝ ጎኗ ሁለት ጡቶች ብቻ ናቸው፣ ግራዎቹ ሙሉ ናቸው» ስትዪኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የጠረጠርኩት አንቺን ነው። ይቺ ልጅ ከአጅሬ ጋር ተመሳጥራ ላሞቹን አንድ በአንድ አሽጣ እኛን ከተማ ልታስገባን ነው አልኩ። አታኩርፊ። በልጅነትሽ «መርማሪው» ብለሽ ስም ስታወጪልኝ እኔ አኩርፌ ነበር?

ቴክኒሻኑን አስጠራሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የአጅሬን ክንድ ፈታ፣ ገጠመ፣ አጎንብሶ አየ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ አባቴ።»

«ላሟስ?»

«ላሟም ጤነኛ ናት። ጡቷ አላበጠም፣ ወተቷም ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ወተቱን ማን ጠጣው? ይሄ ክንድህ ነው?»

ሳቀ። የሚስቅ ቴክኒሻን ደግሞ አላምንም። ከሄደ በኋላ ቱቦዎቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስኳቸው፤ የተደበቀ ነገር አላገኘሁም።

ቀጥዬ የወተት መኪናውን ሹፌር ጠረጠርኩ። እሱ ግን የሚመጣው ጠዋት ነው። ወተቱ የሚጎድለው እኔ ምሳ በልቼ ጋደም በምልባት ሰዓት ነው፤ ስተኛ ሙሉ የነበረ ግት ስነቃ ግማሹ የለም። በዚያ ሰዓት በረቱ ውስጥ የሚውለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጭምቱ። ሃያ አራት ዓመት አብሮኝ ያለበው፣ አንቺን ትምህርት ቤት እያደረሰ ያመጣሽ የነበረው ጭምቱ። አጅሬ ከመጣ ወዲህ ማለቡን ትቶ በረት ይጠርጋል፣ የማሽኑን ቱቦ ያጥባል። እኔም ነገሩን እንዲህ ገጣጠምኩት፤ በእጁ የሚያልብ ሰው ከላሟ በስተቀኝ ይቀመጣል፣ የጎደለውም የቀኙ ነው። ሥራውን የቀማውን ማሽን ሊያሳጣው ነው አልኩ። ራሴን አደነቅኩ፣ ታምኛለሽ?

ባለፈው ሐሙስ ፊት ለፊት ቆምኩበት።

«ቦቃን ማነው የሚያልባት?»

መጥረጊያውን አቁሞ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ፣ ይተዉት።»

«እንዴት ነው የምተወው? አንተ ነህ?»

መጥረጊያውን አነሳና መጥረጉን ቀጠለ።

«አንተ ካልሆንክ ማን እንደሆነ ተናገራ!»

«እኔ ነኝ ብለው ይያዙት፣ ጋሼ።»

ለወትሮው የሰው ሳል እንኳ የምጠረጥር ሰውዬ ይህን ሰምቼ አልጠረጠርኩም። ያመነ መሰለኝ። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ አልኩት። ቦት ጫማውን አጠበ፣ በር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ ሄደ። እናትሽ በመስኮት አይታው «ምነው ይሄ ልጅ ምሳውን ሳይበላ?» ብላ ጠየቀችኝ። አሞት ነው አልኳት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ቦቃ፣ የቀኝ ሁለት ጡቶች፣ ጎደለ። ወዲያው አንቺም ደወልሽና «አባዬ፣ እልህ አትጋባ፣ ትሸጥና እንገላገል» አልሽኝ። እልህ ነው እንጂ! ጭምቱ በጓሮ ተሸሽጎ እየገባ ነው ብዬ ቁርጥ አድርጌ አመንኩ።

ቅዳሜ ምሳ በላሁ፣ ጋደም አልኩ፣ ማንኮራፋት ጀመርኩ። የውሸት ማንኮራፋት ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ፤ ሰው የራሱን ማንኮራፋት ከየት ያውቀዋል? ጥቂት ቆይቶ የጓዳው በር ሲንቋቋ ሰማሁ። አሁንማ ደፍሮ ቤቴ ገባ አልኩና ዱላዬን ይዤ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ተከተልኩ። ቤት ውስጥ ማንም የለም። ወደ በረቱ ተሻገርኩና ከመኖው ክምር ጀርባ አንገቴን አወጣሁ።

እናትሽ ናት። ሽርጧን አስራ፣ በዚያች ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ፣ ከቦቃ በስተቀኝ ተቀምጣለች። ጣሳውን በጉልበቶቿ መሃል ይዛዋለች። እጇን እፍ እፍ እያለች አሞቀች፣ ግንባሯን የላሟ ሆድ ላይ አሳረፈች፣ ማለብ ጀመረች። ወተት የጣሳ ቂጥ ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል። ዱላውን ይዤ እንደ ሞኝ ቆምኩ። አጅሬም ከወዲያ በኩል ክንዱን አጥፎ ቆሟል።

የቀኞቹን ሁለት ጡቶች ጨረሰች። ወደ ግራዎቹ አልተሻገረችም። ጎኗን ቸብ ቸብ አደረገቻትና «በቃሽ ዳልቻዬ፣ የቀረው የጥጃሽ ነው» አለቻት።

ዳልቻን አንቺ አታስታውሻትም፤ ገና ስትድሂ የሞተች ላማችን ናት። ያኔ ሁለት ጡት አልበን ሁለቱን ለጥጃው እንተው ነበር፤ እናትሽ አንድ ቀን እንኳ ከሁለት አልፋ አታውቅም። እንዲህ የሚያልብ ሌባ የት አለ? ጭምቱም ቢሆን ይህን አያውቅም፤ እሱ ሲመጣ ጥጃዎቹን በጡጦ ማሳደግ ጀምረን ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አጅሬ ሁለት ጡት፣ ሁለት ጡት እያለ ሲጮህ፣ በዚህ ቤት ሁለት ጡት የሚተው ማን እንደነበር ከእኔ በቀር ሊነግረው የሚችል ሰው አልነበረም። እኔ ግን መኖ እቀምሳለሁ፣ ቱቦ እዳብሳለሁ።

ከተሸሸግኩበት ወጣሁ። አልደነገጠችም። ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ተነሳች እንዴ? ወተቷን አሁን አፈላላታለሁ።»

ልጅቷ አንቺ ነሽ።

«ገና ተኝታለች» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ወተቱን አፈላች፣ አበረደች። በዚያች እጀታዋ በተሰበረ ሰማያዊ ኩባያሽ ቀዳችና ክዳን አድርጋ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ኩባያውን ስታየው ግን ማን እንዳስቀመጠው ግራ ገባት፤ «ወተት እንዲህ ይጣላል?» ብላ ተቆጣችኝና አንስታ ለድመቷ ደፋችላት። ድመቷ በማን እንደወፈረች ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ ከጀመርኩ ሁሉንም ልናዘዝ። ባለፈው ወር እናትሽ ስልኩን ተቀብላኝ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ስትል ሰምተሽ ስትጠይቂኝ፣ መስመሩ ነው ብዬሽ ነበር። መስመሩ አልነበረም። ተኝታለች እያልኩ የመለስኩሽ ጊዜም አልተኛችም ነበር። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር የኖርኩት ሰውዬ ይህችን አንዲት ነገር ላለመጠርጠር ስል ያልወነጀልኩት የለም። ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አሁንም እፈራለሁ። ለሚመጣው ሳምንት የሐኪም ቀጠሮ ይዤላታለሁ፤ ሐኪሙን ከወዲሁ አላመንኩትም፣ ግን እንሄዳለን።

እሁድ ጭምቱ ቤት ሄድኩ። ዓይኑን እንዴት እንደማየው ጨንቆኝ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ ነበር። እሱ እቴ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«በርጩማውን የማቀርብላቸው እኔ ነኝ፣ ጋሼ። እትዬ አልበው እስኪጨርሱ እንዳይወድቁ አጠገባቸው እቆማለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም ነበር? ብትነግረኝ መቼ አባርርህ ነበር?»

«እርስዎ ሳያውቁት ይቀራሉ ብዬ አላሰብኩም። እያወቁ ከአፍዎ ማውጣት የከበደዎት መሰለኝ። ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ብሄድ ይሻላል አልኩ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ «ቦት ጫማህ እዚያው በሩ ላይ ነው» ብቻ አልኩት። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የነበረውን ቦት ጫማውን አጠለቀ። ሐሙስን፣ ዓርብንና ቅዳሜን እናትሽ ያለ እሱ ብቻዋን ከላም ሥር እንደተቀመጠች ሳስበው አሁንም ያንቀጠቅጠኛል። ይህን ስጽፍልሽ በመስኮቱ ይታዩኛል፤ እሷ እያለበች ነው፣ እሱ መጥረጊያውን ተደግፎ አጠገቧ ቆሟል። አጅሬን የማላምነው ቢሆንም ስለ ቦቃ ግን አንድ ቀን አልዋሸም። የዋሸነው ሌሎቻችን ነን።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አጅሬን ማዘዝ እኔ አልችልበትም፣ አንቺ በስልክሽ ትችያለሽ። ቦቃን ከሰዓት በኋላ እንዳያስገባት፣ እስከ ማታ እንዲተዋት እዘዢው። ያ ሰዓት የእናትሽ ነው። ማታ ሲያልባት የቀኞቹ ጡቶች ማነሳቸው አይቀርም፤ እሱን በቀይ እያሰመረ ትሸጥ እንዳይል ብቻ አስጠንቅቂልኝ። ወሬውን ግን አታስቁሚው። ወሬኛነቱን አሁን ፈለግኩት።

ስትደውዪም ስምሽን ቀድመሽ ንገሪያት። ባታውቅሽ እንዳትቀየሚ። አንቺን አልረሳችም፣ በየቀኑ ወተት እያፈላች መነሳትሽን ትጠብቃለች። የረሳችው ማደግሽን ነው።

ክፉ አይንካሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የሰው አገር ሰው ይውደድሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልምልሽ። ከእንግዲህ በየማታው ስልክሽን ተመልከቺ። የቦቃ የቀኝ ሁለት ጡቶች ጎድለው ካየሽ እናትሽ ዛሬም ተነስታ ላንቺ አልባለች ማለት ነው፤ በሰላም ተኚ። አራቱም እኩል ሞልተው ያየሽ ቀን ግን ደውለሽ አትጠይቂኝ፣ መስመሩ ነው እልሻለሁ። ዝም ብለሽ ነይ።

አባትሽ፣
መርማሪው